የፋብሪካው ክሊኒክ ሠራተኛውን ከበሽታ እየጠበቀ ነው? የሥራ ቦታ ጤና አገልግሎትን ውጤታማነት ኦዲት ለማድረግ የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

የፋብሪካ ክሊኒክ የዓመት ሪፖርት ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው የታካሚ ቁጥር ነው። ይህን ያህል ሰው ታከመ፣ ይህን ያህሉ ሪፈር ተጻፈለት፣ ይህን ያህል ቀን የህመም ፈቃድ ተሰጠ ይላል። ቁጥሩ ከአምናው ከፍ ካለ ክሊኒኩ ጠንክሮ ሠርቷል ተብሎ ይመሰገናል። የታካሚ ብዛት ግን ክሊኒኩ ሥራ እንደበዛበት ብቻ ነው የሚነግረን። ሠራተኛው ከጥጥ ብናኝ፣ ከማሽን ጩኸትና ከኬሚካል መትረፉን አይነግረንም። እንዲያውም በአንድ ክፍል የሚያስሉ ሰዎች ቁጥር በየዓመቱ ከጨመረ፣ ያ ሪፖርት የምስጋና ሳይሆን የማስጠንቀቂያ ወረቀት ነው።

የዓለም ሥራ ድርጅት በ1985 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስምምነት ቁጥር 161 የሥራ ቦታ ጤና አገልግሎት በዋናነት የመከላከል ሥራ መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ የኦዲቱ ጥያቄ አንድ ነው፤ ክሊኒኩ ያወቀው ነገር በሥራ ቦታው ላይ ምን ለወጠ? ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ይህን ለመመለስ የሚያገለግሉ ናቸው።

ለምሳሌነት የወሰድነው 1,200 ሠራተኞች ያሉት፣ በሦስት ፈረቃ የሚሠራ የፈትልና ሽመና ፋብሪካ ነው። አካሄዱ ለሲሚንቶ ፋብሪካም፣ ለቆዳ ፋብሪካም፣ ለአበባ እርሻም ይሠራል። የሚለዋወጠው የአደጋው ዓይነትና የምርመራው ዓይነት ነው።

ደረጃ 1፦ ቡድኑን ማቋቋምና ሰነድ መጠየቅ

ሦስት ሰው ይበቃል። አንዱ የጆሮና የትንፋሽ ምርመራ ውጤት ማንበብ የሚችል የጤና ባለሙያ ይሁን። ሁለተኛው አየር ማናፈሻና ማሽን የሚያውቅ የሙያ ደህንነት ባለሙያ፣ ሦስተኛው ከደመወዝ መክፈያና ከቁጥር ጋር የሚሠራ ሰው ይሁን። የክሊኒኩ ኃላፊና የሰው ሀብት ኃላፊው ተጠያቂዎች ስለሆኑ በቡድኑ ውስጥ አይገቡም። የሠራተኛ ማህበሩ ተወካይ ግን በመክፈቻውና በመዝጊያው ስብሰባ መገኘት አለበት። ለዚህ መጠን ላለው ፋብሪካ 5 የሥራ ቀን በቦታው፣ ከዚያም አንድ ሳምንት ለትንተና ይያዝ። ከአምስቱ ቀናት አንዱ ሙሉ የሌሊት ፈረቃ ይሁን።

ከሁለት ሳምንት በፊት የሚጠየቁት ሰነዶች እነዚህ ናቸው፦

- ቋሚ፣ ጊዜያዊ፣ የቀን ሠራተኛና በኤጀንሲ የተቀጠሩትን ሁሉ የያዘ የስም ዝርዝር ከነሥራ ክፍላቸው
- የ24 ወር የክሊኒክ መዝገብ፣ የሪፈርና የህመም ፈቃድ መዝገብ
- የብናኝ፣ የድምፅና የሙቀት ልኬት ውጤቶች
- የአደጋ መዝገብና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ የተላከ ሪፖርት
- የሙያ ደህንነትና ጤንነት ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ
- የመሣሪያዎች የካሊብሬሽን (ልኬታቸው ትክክል መሆኑ የተረጋገጠበት) ማስረጃ
- የመድኃኒት ወጪ መዝገብ

የሠራተኞችን የግል ካርድ ግን አስቀድመው አይጠይቁ። ስሞቹ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት በዕጣ ይወጣሉ። አስቀድመው ከተላኩ ካርዶቹ በአንድ ሌሊት ተሟልተው፣ በአንድ እስክሪብቶ ተጽፈው ይጠብቁዎታል። ካርድ የሚያነበው በቡድኑ ውስጥ ያለው የጤና ባለሙያ ብቻ ነው፤ የሚያነበውም እዚያው ክሊኒክ ውስጥ ሆኖ ነው፤ ማስታወሻ ሲይዝም በስም ሳይሆን በኮድ ነው።

አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን በእጅዎ ይያዙ። አንቀጽ 92 አሠሪው የደህንነት ኃላፊ እንዲመድብ፣ ኮሚቴ እንዲያቋቁም፣ የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ፣ በሥራ ላይ የደረሰ አደጋንና በሥራ ምክንያት የመጣ በሽታን መዝግቦ እንዲያሳውቅ ያዛል። አዲስ ተቀጣሪዎችንና አደገኛ ሥራ ላይ ያሉትን እንደ ሥራው ጠባይ በራሱ ወጪ እንዲያስመረምርም ያስገድዳል፤ ኤች አይ ቪ ግን ከዚህ ምርመራ ውጭ ነው። ሕጉ ዝቅተኛው መስፈርት ነው። ሕጉን አሟልቶም ሠራተኛውን የማይጠብቅ አገልግሎት ሊኖር ይችላል፤ ኦዲቱ የሚፈልገውም ይህንን ለይቶ ማውጣት ነው።

ደረጃ 2፦ ማን ለምን ተጋልጧል?

ወደ ክሊኒኩ ከመግባትዎ በፊት ፋብሪካውን ከጥጥ መጋዘኑ እስከ ማሸጊያው በእግር ይዙሩ። ጥጥ የሚፈታበት ብሎው ሩምና ጥጡ የሚበጠርበት ካርዲንግ ብናኙ የሚበዛበት ነው። በፈትል ክፍል ብናኝና ጩኸት አብረው አሉ። በሽመና ክፍል ጩኸቱ ከ90 ዴሲቤል በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። ማቅለሚያ ክፍል ውስጥ ኮስቲክ ሶዳ፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ እንፋሎትና አስም ሊቀሰቅሱ የሚችሉ ሪአክቲቭ ቀለሞች ይገኛሉ። ቦይለርና ብየዳ ክፍልም አይረሱ።

ከሁሉ በላይ የሚረሱት ጽዳት ሠራተኞችና የጥጥ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ናቸው። ማሽኑን በኮምፕሬሰር አየር ሲነፉ የሚነሳው ብናኝ በመደበኛ ምርት ጊዜ ካለው እጅግ ይበልጣል። ብዙዎቹም በኤጀንሲ የተቀጠሩ ስለሆኑ በፋብሪካው የምርመራ ዝርዝር ውስጥ ስማቸው የለም።

ለእያንዳንዱ ክፍል የተጋላጩን ሰው ቁጥርና የመጨረሻውን ልኬት ይጻፉ። ለንጽጽር የሚያገለግሉ መለኪያዎች አሉ። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ኦሻ ለጥጥ ብናኝ ያስቀመጠው የ8 ሰዓት ጣሪያ በፈትል ሥራ 0.2፣ በሽመና 0.75 ሚሊ ግራም በሜትር ኪዩብ ነው። ለድምፅ የአሜሪካው የምርምር ተቋም ናዮሽ የሚመክረው ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል ሲሆን፣ ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በ88 ለ4 ሰዓት፣ በ94 ለ1 ሰዓት፣ በ100 ደግሞ ለ15 ደቂቃ ብቻ ማለት ነው።

ልኬት ጭራሽ ከሌለ ያ ራሱ የመጀመሪያው ግኝት ነው። ምን ያህል ብናኝ እንደሚተነፈስ ያልታወቀበት ክሊኒክ ማንን በስንት ጊዜ መመርመር እንዳለበት ሊያውቅ አይችልም።

ደረጃ 3፦ ናሙናውን ከደመወዝ መክፈያ ያውጡ

የዚህ ዓይነት ኦዲት አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ኦዲተሩ ክሊኒክ ገብቶ «ሃያ ካርድ ስጡኝ» ይላል፤ ሃያ ካርድ ይመጣል፤ ሃያውም የተሟላ ነው። ክሊኒኩን ረግጦት የማያውቅ ሠራተኛ ግን ካርድ የለውም። ካርድ የሌለው ሰው ከካርድ ክምር ውስጥ ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ ናሙናው የሚወጣው ከደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ነው።

ለምሳሌ ሽመና ክፍል 300 ሰው ካለና 20 የሚፈልጉ ከሆነ፣ 300 ለ20 ሲካፈል 15 ነው። ከ1 እስከ 15 ካሉት ቁጥሮች አንዱን በዕጣ ያውጡ። 7 ከወጣ 7ኛውን፣ 22ኛውን፣ 37ኛውን እያሉ እስከ 292ኛው ይሂዱ። ለዚህ ፋብሪካ ተስማሚው ስብጥር ከብናኝ ክፍሎች 20፣ ከሽመና 20፣ ከማቅለሚያ 10፣ ከጊዜያዊና ከኤጀንሲ ሠራተኞች 10 ነው።

በዚህ ላይ ባለፉት ሁለት ዓመታት ሥራ የለቀቁ 10 ሰዎችን ይጨምሩ። ብናኙ ያልተስማማው ሰው ሥራውን ትቶ ይሄዳል፤ የሚቀሩት ጠንካሮቹ ናቸው። አሁን ያሉትን ብቻ ከመረመርን የታመሙትን ሳናይ «ሁሉም ደህና ነው» ብለን እንወጣለን።

20 ሰው ትክክለኛ መቶኛ ለማውጣት አይበቃም። ሆኖም ከ20ው 8ቱ የመነሻ ምርመራ (ሥራ ሲጀመር የሚደረገው) ከሌላቸው፣ ችግሩ የአንድ ነርስ መርሳት ሳይሆን የአሠራሩ መሆኑን ለማወቅ ይበቃል።

ደረጃ 4፦ እያንዳንዱን ሰው ከአደጋው እስከ ለውጡ ይከተሉ

ለእያንዳንዱ የናሙና ሰው አምስት ጥያቄ በተከታታይ ይጠየቃል። መልሱ «የለም» የሆነበትን የመጀመሪያ ቦታ ምልክት ያድርጉ።

1. ሰውየው ለምን እንደተጋለጠ ካርዱ ላይ ተጽፏል?
2. ሥራውን ሲጀምር መነሻ ምርመራ ተደርጎለታል?
3. ተከታታይ ምርመራው በጊዜው ተደርጓል?
4. ውጤቱ ከመነሻው ጋር ተነጻጽሮ ለሠራተኛው ተነግሯል፤ መደረግ የሚገባውስ ተደርጓል?
5. ውጤቱ በሥራ ቦታው ላይ አንድ ነገር ለውጧል?

በብዙ ቦታ ሰንሰለቱ የሚበጠሰው አራተኛው ላይ ነው። ምርመራው ይደረጋል፤ ወረቀቱ ይታሸጋል፤ ማንም ካለፈው ዓመት ጋር አያስተያየውም። ስለዚህ ወረቀት መኖሩን በማየት አይርኩ፤ ውጤቱን ራሱን ያንብቡ።

*የጆሮ ምርመራ።* መነሻው ምርመራ ሲደረግ ሠራተኛው ቢያንስ ለ14 ሰዓት ከሥራ ቦታ ጩኸት ርቆ መቆየት አለበት። የምርመራውን ሰዓት ከፈረቃው ሰሌዳ ጋር ያስተያዩ። የሌሊት ፈረቃ ጨርሶ የወጣ ሰው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተመርምሮ ከሆነ፣ የተለካው የደከመ ጆሮ ነው። መነሻው ከእውነታው የባሰ ሆኖ ስለሚመዘገብ በኋላ የሚመጣው ጉዳት ይሸፈናል። ከዚያ በ2,000፣ በ3,000 እና በ4,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) ላይ ያሉትን ሦስት ቁጥሮች ወስደው አማካዩን ያስሉ፤ ከመነሻውም ጋር ያነጻጽሩ። በአንዱ ጆሮ 10 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በላይ ልዩነት ካለ መስማቱ ቀንሷል ማለት ነው። በኦሻ አሠራር በ30 ቀን ውስጥ ድጋሚ ምርመራ ማድረግ ይቻላል፤ ሠራተኛውም በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይነገረዋል። እነዚህን ቀናት እንደ መለኪያ ይጠቀሙባቸው። በተጨማሪም የምርመራ ክፍሉ ውስጥ ራስዎ ቁጭ ብለው ያዳምጡ። የማሽኑ ድምፅ የሚሰማ ከሆነ በዚያ ክፍል የተሠራው ሁሉ አጠራጣሪ ነው።

*የትንፋሽ ምርመራ።* መጀመሪያ መሣሪያው ይታይ። ባለ 3 ሊትር የካሊብሬሽን ሲሪንጅ ሲገፋበት መሣሪያው ከ2.91 እስከ 3.09 ሊትር ማንበብ አለበት። ክሊኒኩ ሲሪንጁ ከሌለው ወይም ሲሪንጁ ከነማሸጊያው መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ፣ ውጤቶቹን የሚያምኑበት ምክንያት የለም። ቀጥሎ አነፋፉ ይታይ። ቢያንስ ሦስት ጥሩ ትንፋሽ፣ ከእነሱም ሁለቱ ከፍተኛ ውጤቶች በ150 ሚሊ ሊትር ውስጥ የተቀራረቡ መሆን አለባቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ተነፍቶ «ኖርማል» የተባለ ምርመራ አይቆጠርም።

ለጥጥ ብናኝ የሚደረገው ምርመራ የራሱ ባሕርይ አለው። ቢሲኖሲስ የተባለው የጥጥ ብናኝ በሽታ ደረትን አጥብቆ የሚይዘው በተለይ ከእረፍት በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቀን ነው። በሌላው ዓለም ሰኞን ተከትሎ የሚመጣ በሽታ ተብሎ የታወቀውም ለዚህ ነው። ፈረቃና እረፍት በሚዘዋወርበት ፋብሪካ ግን የሰው እረፍት ማክሰኞም ሐሙስም ሊሆን ይችላል። «ሰኞ ሰኞ ደረትህን አጥብቆ ይይዝሃል?» ተብሎ የተጠየቀ ሠራተኛ በእውነት «አይ» ይላል፤ በሽታው ግን አለ። መጠይቁ «ከእረፍት በተመለስክበት ቀን» እንደሚል ያረጋግጡ።

ትንፋሹም የሚለካው ከ35 ሰዓት ያላነሰ እረፍት ተደርጎ በተመለሱበት ቀን፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ነው። ከዚያ ፈረቃው ከጀመረ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ይደገማል። በመጀመሪያው ሰከንድ የሚወጣው የትንፋሽ መጠን በ5 በመቶ ወይም በ200 ሚሊ ሊትር ከቀነሰ፣ ኦሻ ሠራተኛው በየ6 ወሩ እንዲመረመር ያዛል። በፋብሪካው ያለው ምርመራ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በሳምንቱ መሃል፣ አንዴ ብቻ ከሆነ ይህን በሽታ ለማግኘት አልተዘጋጀም ማለት ነው። ሺህ ሰው ቢመረመርም ያው ነው።

በአበባ እርሻ ይህንኑ ሥራ የሚሠራው የኮሊንስተሬዝ (አንዳንድ ፀረ ተባዮች የሚያዳክሙት ኢንዛይም) የደም ምርመራ ነው። የሚታየውም በተመሳሳይ መንገድ ነው። መነሻው ረጪው ፀረ ተባይ ሳይነካ ተወስዷል? በካሊፎርኒያ ደንብ የቀይ ደም ሕዋስ ኮሊንስተሬዝ ከመነሻው ወደ 80 በመቶ ሲወርድ የሥራው አካሄድ ይፈተሻል፤ ወደ 70 በመቶ ሲወርድ ሰውየው ከርጭት ይወጣል፤ ወደ 80 በመቶ ሲመለስ ነው የሚመለሰው። መነሻ የሌለው ምርመራ ለማነጻጸሪያ ስለማይሆን ምንም አይናገርም።

ደረጃ 5፦ የክሊኒኩን መዝገብ በክፍል ይቁጠሩት

«አሥሩ ዋና ዋና በሽታዎች» የሚለው ሰንጠረዥ በየክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ጉንፋን፣ ጨጓራ፣ ታይፎይድ ይላል። ከየትኛው ክፍል እንደመጡ ግን አይልም። መዝገቡን ወስደው የሦስት ወሩን ሳል፣ የትንፋሽ ማጠርና የደረት ህመም በሥራ ክፍል ይቁጠሩ፤ ከዚያ በክፍሉ ሠራተኛ ብዛት ያካፍሉ።

እንዲህ እናስብ። ከሽመና 60፣ ከካርዲንግ 45 ሰው በሳል መጣ። ሲታይ የሽመናው ይበልጣል። ነገር ግን ሽመና 300፣ ካርዲንግ 90 ሠራተኛ ካለው፣ ከ100 ሠራተኛ በሽመና 20 በካርዲንግ 50 ማለት ነው። ትኩረት የሚሻው ካርዲንግ ሆኖ ይገኛል። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ካልኩሌተርና ወረቀት ይበቃዋል፤ ክሊኒኩ ራሱ በየወሩ ሊሠራው የሚገባ ነው። መዝገቡ ላይ «የሥራ ክፍል» የሚል ዓምድ ከሌለ ወይም ባዶ ከተተወ፣ ከምንም በፊት መስተካከል ያለበት እሱ ነው። ዋጋው አንድ መስመር ማስመር ብቻ ነው።

የመድኃኒት ወጪውንም በዚሁ መንገድ ይዩት። ዳይክሎፌናክና ፓራሲታሞል ከሌላው በተለየ ለአንድ ክፍል የሚወጣ ከሆነ፣ እዚያ ወገብ የሚሰብር ወይም እጅ የሚያደክም ሥራ አለ። ማንም ቅሬታ ባያቀርብም የክኒኑ ወጪ ይናገራል።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ ሰው ለሳምባ ነቀርሳ ምርመራ መላኩንም ይመልከቱ። እዚህ ላይ ስህተቱ ከሁለቱም ወገን ይመጣል። የብናኝ በሽታው ብሮንካይትስ ወይም «ብርድ» ተብሎ በአንቲባዮቲክ ይታከማል፤ ወይም ደግሞ ሳሉ ሁሉ ለብናኝ ተሰጥቶ የሳምባ ነቀርሳው ይታለፋል።

ደረጃ 6፦ ሌሊት ይግቡ

ቀን ጤና መኮንን፣ ነርስና መኪና አለ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማን አለ? ከፈረቃ ኃላፊው ጋር ብቻ ተነጋግረው «ልምምድ ነው» የሚል ወረቀት የያዘ ተጎጂ ከክሊኒኩ በራቀው ክፍል ያስቀምጡና ሰዓት ይያዙ። ሦስት ሰዓቶች ይመዝገቡ፤ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሰጪ የደረሰበት፣ የጤና ባለሙያ የደረሰበት፣ መኪናው ከበር የወጣበት። ለከባድ መድማትና ልብ ለቆመበት ሰው የመጀመሪያው ዕርዳታ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መድረስ አለበት። ብዙ ጊዜ የሚያዘገየው ርቀቱ ሳይሆን የክሊኒኩ ቁልፍ በጥበቃ እጅ መሆኑ ወይም ሾፌሩ ፈቃድ መጠበቁ ነው።

በማቅለሚያ ክፍል የዓይን መታጠቢያውን ራስዎ ይክፈቱት። ከኮስቲክ ሶዳው ቦታ በ10 ሰከንድ የሚደረስበት፣ ለ15 ደቂቃ ሳይቋረጥ ቢያንስ በደቂቃ 1.5 ሊትር የሚፈስ መሆን አለበት። በየሳምንቱ መከፈት አለበት፤ ዝገት የቀላቀለ ውሃ ከመጣ እንዳልተከፈተ ይወቁ። ፋብሪካው ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ከሆነ ውሃ በሌለበት ሰዓት ሄደው ይሞክሩት።

የመድኃኒት ማብቂያ ቀን፣ የመርፌ ማስወገጃ ሣጥን፣ የማምከኛው ሁኔታ መታየት አለባቸው። ለእነዚህ ግን አንድ ሰዓት ይበቃል፤ የጤና ተቋም ተቆጣጣሪዎችም የሚያዩት ነገር ነው።

ደረጃ 7፦ ሠራተኛውን በቋንቋው፣ አለቃው በሌለበት ያነጋግሩ

ከ25 እስከ 30 ሰው በክፍል በክፍል ተከፍሎ ይነጋገር። ሴቶችን ሴት ብታነጋግራቸው ይመረጣል። ቋንቋው የሠራተኛው ይሁን፤ ሀዋሳ ከሆነ ሲዳምኛ፣ ሰበታ ከሆነ አፋን ኦሮሞ የሚችል ሰው ይያዙ። ቦታው የሰው ሀብት ቢሮ አይሁን።

«ክሊኒኩ ጥሩ ነው?» ብሎ መጠየቅ «ጥሩ ነው» የሚል መልስ ብቻ ያመጣል። የሚሠራው ጥያቄ «ባለፈው ጊዜ ሲያምዎ መጀመሪያ የት ሄዱ?» ነው። ከኪሳቸው ከፍለው ወደ ግል ክሊኒክ የሄዱ ሰዎች ከበዙ ምክንያቱን ይፈልጉ። ክሊኒክ ለመሄድ የሱፐርቫይዘር ወረቀት ያስፈልጋል? የወጡበት ሰዓት ከምርት ይቆረጣል? የመገኘት ጉርሻ ያስቀራል? ነፍሰ ጡር መሆን ሲታወቅ ምን ይከተላል? አዋጁ ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትን ይከለክላል። እርግዝናዋን ለመንገር የምትፈራ ሴት ግን ይህ ጥበቃ አይደርሳትም።

ከዚያ አምስት የሽመና ሠራተኞች የጆሮ መድፈኛቸውን ፊትዎ ላይ እንዲያደርጉ ይጠይቁ። ስፖንጁ ተድቦልቡሎ፣ ጆሮ ወደ ላይና ወደ ኋላ ተስቦ፣ ውስጥ ገብቶ እስኪነፋ ካልተያዘ ጥቅሙ ትንሽ ነው። አምስቱም ከተሳሳቱ «ስልጠና ተሰጥቷል» የሚለው የፊርማ ወረቀት ዋጋ የለውም።

ደረጃ 8፦ ምስጢርና ነጻነት

ስምምነት 161 የጤና ባለሙያው በሙያው ሥራ ከአሠሪውም ከሠራተኛውም ሙሉ ነጻነት እንዲኖረው፣ ሠራተኛ ከሥራ የቀረበትን ምክንያት እንዲያጣራም እንዳይገደድ ይላል። በተግባር የሚታየው በሦስት ነገር ነው። ለሰው ሀብት የሚላከው ወረቀት የበሽታውን ስም ይጽፋል ወይስ «ለሥራ ብቁ ነው፣ አይደለም፣ በዚህ ገደብ ይሥራ» ብቻ ይላል? የነርሷን የሥራ አፈጻጸም የሚሞላው ማን ነው? ክሊኒኩ በወር ከዚህ ቀን በላይ የህመም ፈቃድ አትስጡ ተብሏል? የፈቃዱ ቁጥር በየወሩ በሚያስገርም ሁኔታ አንድ ዓይነት ከሆነ የቃል ትእዛዝ መኖሩን ይጠርጥሩ።

በሽታው ከሥራ የመጣ ነው ወይስ ተራ ህመም የሚለው ውሳኔ ለሠራተኛው የእንጀራ ጉዳይ ነው። በተራ የህመም ፈቃድ የመጀመሪያው ወር ሙሉ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፈላል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። በሥራ ምክንያት ለመጣ ጉዳት ግን የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ፣ ቀጣዮቹ ሦስት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ቀሪዎቹ ስድስት ከ50 በመቶ የማያንስ ነው። 3,000 ብር የሚያገኝ ሰው ለስድስት ወር ቢታመም በመጀመሪያው መንገድ 6,000 ብር፣ በሁለተኛው ቢያንስ 15,750 ብር ያገኛል። የሕክምናው ወጪም በአሠሪው ላይ ነው። ስለዚህ በሁለት ዓመት ውስጥ ክሊኒኩ ስንት በሥራ ምክንያት የመጣ በሽታ መዝግቦ አሳወቀ የሚለውን ይቁጠሩ። 1,200 ሰው ባለበት የጥጥ ፋብሪካ መልሱ ዜሮ ከሆነ፣ በሽታ ስለሌለ ሳይሆን የሚፈልገው ስለሌለ መሆኑ ይበልጥ ይገመታል።

ደረጃ 9፦ ሦስቱን የአደጋ መዝገቦች ያስተያዩ

የክሊኒኩ የቁስል ማሸጊያ መዝገብ፣ የደህንነት ኃላፊው የአደጋ መዝገብ እና የሰው ሀብት የቀሪ ሠራተኛ መዝገብ በቀን ይመሳከሩ። ክሊኒኩ ሰፍቶ የላከው እጅ በደህንነት ኃላፊው መዝገብ ላይ ከሌለ ማሽኑን ማንም ሄዶ አላየውም ማለት ነው።

የአደጋ ድግግሞሽ የሚሰላው ሥራ ያስቀሩ አደጋዎችን በ1,000,000 አባዝቶ ለተሠራው ጠቅላላ ሰዓት በማካፈል ነው። 36 አደጋና 2,880,000 ሰዓት ቢሆን 12.5 ይመጣል። ሰዓቱ ከትክክለኛው የደመወዝ መዝገብ ይወሰድ፤ ትርፍ ሰዓትም ይካተት። ምዝገባው ሲሻሻል ቁጥሩ መጀመሪያ ከፍ ስለሚል፣ በመጀመሪያው ዓመት ለከፍታው ማንንም አይቅጡ። ከቀጡ በሚቀጥለው ዓመት የሚቀንሰው አደጋው ሳይሆን ምዝገባው ነው።

ደረጃ 10፦ ሪፖርቱና ክትትሉ

ለክሊኒኩ በጠቅላላው አንድ ነጥብ አይስጡ። «78 ከመቶ» የሚል ውጤት ካርዲንግ ውስጥ ያለውን ሳል ይደብቃል። በአደጋ ዓይነት በዓይነት ይጻፉ፦ ብናኝ፣ ድምፅ፣ ኬሚካል፣ ድንገተኛ አደጋ። ለእያንዳንዱ አራት ቁጥር ይበቃል፤ ከተጋለጡት መነሻ ምርመራ ያላቸው ስንት በመቶ ናቸው፣ ችግር ከተገኘባቸው በ30 ቀን ውስጥ ክትትል ያገኙ ስንት ናቸው፣ ችግሩ ከታወቀበት እስከ ሥራ ቦታው ለውጥ ስንት ቀን ወሰደ፣ ልኬቱ ከለውጡ በፊትና በኋላ ስንት ነው።

ግኝት ሲጻፍ የታየው ነገር፣ ቁጥሩ፣ ምክንያቱ፣ የሚያስተካክለው ሰው በሥራ መደቡና ቀኑ ይጠቀሱ። «ክትትሉ ደካማ ነው» ግኝት አይደለም። «ከሽመና ናሙና 20 ሰው በ6ቱ ላይ የመስማት ቅነሳ ታይቷል፤ ለአንዱም አልተነገረም፤ ውጤት የሚያነጻጽር ሰው አልተመደበም» ግን ግኝት ነው። የማይሠራ የዓይን መታጠቢያ በ24 ሰዓት፣ የመዝገብ ዓምድና የሌሊት መኪና በ30 ቀን፣ የአየር መምጠጫና የማሽን መሸፈኛ በ6 ወር ቀጠሮ ይያዝላቸው። ማስተካከያው ከማስክ እንዲጀምር አይፍቀዱ፤ መጀመሪያ የብናኙ ምንጭ፣ ቀጥሎ መምጠጫው፣ ከዚያ የሥራ አካሄዱ፣ መጨረሻ ማስኩ። በኮምፕሬሰር መንፋትን ትቶ በቫኪዩም ማጽዳት ብቻውን ብዙ ይቀንሳል።

የቡድን ውጤቱ ለሠራተኞች በቋንቋቸው ይለጠፍ። ከአምስት ሰው በታች የሆነ ቡድን ውጤት ግን ማንነትን ስለሚያጋልጥ አይውጣ።

ከሦስት ወር በኋላ ተመልሰው ከደመወዝ መክፈያው አዲስ 20 ስም በዕጣ ያውጡና ያንኑ አምስት ጥያቄ ይጠይቁ። ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ በካርዲንግ ክፍል ብናኙ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ፈረቃ፣ በዚያው መሣሪያ ይለካ። ቁጥሩ ካልወረደ ግኝቱ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ የማስክ ግዢ ደረሰኝ ተያይዞ ቢቀርብም አይዘጋም።